ደገኛው ቆላ ሲወርድ

አገራችን ሐሩር በሚባለው የምድር ክፍል ውስጥ መሆኗን በትምህርት ቤት ተምረናል። ይሁን እንጂ ይህን ለደባርቅ ሰው ብትነግሩት ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ይስቅባችኋል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተወልዶ ላደገ ሰው ሙቀት ማለት የምድጃ ዳር ነውና።

ነገር ግን ከዚሁ አገር ብዙ ወጣት ክረምት ሲገባ ከዳባትና ከደባርቅ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ መተማ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ለአረም፥ ቀጥሎም ለሰሊጥ አጨዳ። ከፍታው በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቍጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ስለሆነች ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ነው። ወጣቱ እዚያ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል፤ ሰውነቱን ግን እንደ ጋቢ አውልቆ ሊለውጠው አይችልም።

«ወንድ ልጅ ሙቀት አይፈራም» የሚሉ አሉ። ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ሙቀትን መልመድ የጊዜ ጉዳይ እንጂ የጀግንነት ጉዳይ አይደለም። አዲስ ሰው ቆላ ወርዶ ቀስ በቀስ እየሠራ ከ7 እስከ 14 ቀን ሲቆይ ላቡ ቶሎ መፍሰስ ይጀምራል፤ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፤ የልቡም ምት ይረጋጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሥራውን ሰዓት አንድ አምስተኛ ብቻ መሥራት፥ ከዚያም በየቀኑ ያንኑ ያህል መጨመር ይገባል። «እኔ አምናም ወርጃለሁ» ማለት አያድንም፤ ደጋ ከተመለሱ በኋላ ልምዱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠፋልና።

የቆላውን ሰው እንመልከት። ጎሕ ሲቀድ ይሠራል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላ ይፈልጋል፤ ሲበርድ ይመለሳል። አንዳንድ ደገኛ ይህን ስንፍና ይለዋል። እኔ ግን ዕውቀት ነው እላለሁ።

እንግዲህ ሥራው በቁርጥ ከሆነ ማን ዐርፎ ይቀመጣል? የሚከፈለው በሠራው ልክ ነውና። ስለዚህ ባለ እርሻው የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ሒሳብ ይክፈል፤ ዳስ ይጣል፤ ውሃ ማሳው ድረስ ያቅርብ። ሙቀት የጠናበት ሰው ገላውን ገልጦ ግራር ሥር ያድራል። ቀን መድኃኒት የነበረው ጥላ ሌሊት ጠላት ይሆናል፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትኖራለችና። የወባ ትንኝም አለች። ስለዚህ አጎበር ማቅረብም ግዴታው ሊሆን ይገባል። ይህ ምጽዋት ሳይሆን የሠራተኛው መብት ነው።

አንተም ወንድሜ፥ ውሃ ለመጠጣት እስኪጠማህ አትጠብቅ፤ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ጠጣ። ባልንጀራህ ንግግሩ ሲዛባና ሲንገዳገድ ብታይ ሰክሯል ብለህ አትሳቅበት። ወደ ጥላ አውጣው፤ ገላውን በውሃ አርሰህ አራግብለት፤ ፈጥነህም ወደ ጤና ጣቢያ አድርሰው።

እናቶቻችን ለመንገደኛ በሶ ሲቋጥሩ ጨው ጣል ያደርጉበታል። ላብ የወሰደውን ጨው የሚመልስ ስንቅ ከቤታችን አለ ማለት ነው። የቀረን ነገር ቢኖር ልጁን «በርታ» ብለን ከመሸኘታችን በፊት «ቀስ በል» ማለት ነው።