ፈረስና የፈረሰኛው ፊት

አንባቢ ሆይ፤ ተገናኝተን ብንሣሣቅ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ነጣ ብሎ ታየዋለህ። ይህ ጥርስ የእኔ አይደለም፤ ሐኪም ሠርቶ የተከለልኝ ነው። የራሴን ያወለቀብኝ ፈረስ ነው። ይህን ስነግራቸው ሰዎች ሁሉ «ረገጠህ ወይስ ጣለህ?» ብለው ይጠይቁኛል። አልረገጠኝም፤ አልጣለኝምም። ጥርሴን ያጣሁት ኮርቻው ላይ ደኅና ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ለዛሬ ይህን አርእስት የመረጥሁትም፤ በበዓል ቀን ለመዝናናት ፈረስ የሚከራየው ተማሪ፤ መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ ለሥራ ተልኮ በፈረስ ወይም በበቅሎ የሚጓዘውም ወጣት ሠራተኛ፤ ከመውደቅ በቀር ሌላ አደጋ ያለ ስለማይመስላቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በትምህርት ቤት የዕረፍት ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በአምቦና በወሊሶ መካከል ወዳለው ወደ ወንጪ ሐይቅ ሄድን። ሐይቁ የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ስለ ሆነ፤ ከአፋፉ እስከ ውሃው ድረስ ቁልቁለት፤ መልሶም አቀበት ነው። እኛም ከአገሩ ሰዎች ፈረስ ተከራየን። ቁልቁለቱን ወደ ኋላ ጋደል እያልን በደኅና ወረድነው። ስንመለስ ግን አቀበቱ የጠና ነበርና ፈረሱን የረዳሁት መስሎኝ አንገቱ ላይ ተኛሁ፤ አገጬም ጋማውን ነካ። ፈረሱን ይመራ የነበረው ልጅ ዘወር ብሎ «ጋሼ፤ አንገቱ ላይ አይተኙ» አለኝ። እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝና፤ የ12 ዓመት ልጅ ምክር ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም። ጥቂት እንደ ሄድን ዝንብ ነከሰው መሰለኝ፤ ፈረሱ ራሱን ሽቅብ ወረወረው። ማጅራቱ አፌን መታኝ። ዓይኔ ጨለመብኝ፤ መልሼ ስገልጠው ደሙ በሸሚዜ ላይ ይወርዳል፤ ጥርሴም መዳፌ ላይ ነው።

የፈረስ ራስና አንገት ባንድነት ከመላ ሰውነቱ ክብደት አንድ ዐሥረኛ ያህል ይሆናል። እንግዲህ 300 ኪሎ በሚመዝን ፈረስ ላይ ብትቀመጥ፤ ከፊትህ 30 ኪሎ የሚሆን አጥንትና ጡንቻ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ይውላል ማለት ነው። ፈረሱም ይህን የሚያደርገው ክፋት አስቦ አይደለም። አንገቱ ሚዛኑ ነው። ሲሰናከል ላለመውደቅ ራሱን ባንድ ጊዜ ቀና ያደርጋል፤ አቀበት ሲወጣ ይነቀንቀዋል፤ ዝንብ ሲያስቸግረው ይወረውረዋል። ከሁሉ የባሰው ግን እኛው ራሳችን የምናመጣበት ነው፤ ይኸውም ፈርተን ዛቡን አጥብቀን ስንይዝ ልጓሙ አፉን ያሳምመዋልና፤ ከሕመሙ ለመሸሽ ራሱን ወደ ላይ ይሰቅላል። ፈሪ ጋላቢ ዛብ በሳበ ቁጥር ፊቱን የሚመታውን ነገር ወደ ራሱ ይጠራል።

ስለዚህ በአቀበት ወደ ፊት ማዘንበል ተገቢ ቢሆንም፤ የሚታጠፈው ወገብህ ይሁን እንጂ ፊትህ ከማጅራቱ በላይ አይዋል። ደረትህ ዝቅ ሲል ራስህን ከአንገቱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ አውጣው። መደገፊያ ካስፈለገህ ጋማውን ከአንገቱ መካከል ላይ ያዝ፤ ዛቡን ግን አላላው። ዓይንህም እግሩን ሳይሆን በጆሮዎቹ መካከል አሻግሮ መንገዱን ይይ። አፍህን ዝጋ፤ ስትገልብ የምታወራ ከሆነ ምላስህን በገዛ ጥርስህ ትነክሰዋለህ። (እኔ ጥርሴን ባጣሁ ዕለት ምላሴ የተረፈችው፤ ልጁን ላለመስማት ዝም ብዬ ስለ ነበር ነው።)

በእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ለሚጋልብ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፈረስ የሚለካው የራሱን ቁመት ነው፤ በላዩ ያለውን ሰው ቁመት አይለካም። እርሱ የሚያልፍበት ቅርንጫፍ አንተን ዓይንህ ላይ ይገርፍሃል። ቅርንጫፉን በእጅህ ገፍተህ ብትለቀው፤ ተመልሶ ከኋላህ የሚመጣውን ጓደኛህን ፊት ይመታል። ዝቅ ብሎ በአንገቱ ጎን ማለፍ ይሻላል። መነጽር የምታደርግ ከሆነም መስተዋቱ የሚሰበር ዓይነት አይሁን፤ ከማጅራትህ ጋር በክር እሰረው።

በርግጥ ብዙ ሰው ፊቱን የሚጎዳው ገና ሳይወጣ ነው። የፈረስ ዓይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጐደል ያያል፤ ነገር ግን ከጭራው በስተ ኋላና ከግንባሩ ፊት ለፊት በጣም የቀረበውን አያይም። ከእነዚህ ከሁለቱ ወገን ድንገት ብትቀርበው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ፈረስ ደግሞ ከኋላ ይራገጣል፤ ከፊት ይነክሳል ወይም በራሱ ይመታል። ስለዚህ ድምፅህን እያሰማህ በትከሻው በኩል ቅረበው። ልጓም ስታጎርሰው ከፊቱ ሳይሆን ከአንገቱ ጎን ቁም። ኮቴውን ለማየት ስትፈልግ ከኋላው አትቀመጥ። በመንገድም ላይ ከፊትህ ካለው ፈረስ ቢያንስ የአንድ ፈረስ ቁመት ያህል ራቅ፤ ለፎቶግራፍ ብሎ አፍንጫውን የሚስመውንም ሰው አትምሰል።

ለጀማሪም የተረጋጋ ፈረስ ይምረጡለት። ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ እንደሚባለው፤ በርጋጊ ፈረስ ላይ አዲስ ጋላቢ ሲጨመርበት የሚሆነው ይታወቃል።

አሁን ስለ ራስ ቁር፤ ማለት ዛሬ ሄልሜት ስለምንለው ልናገር። ይህን ለጓደኞቼ ባነሣሁ ቁጥር ይሥቁብኛል። «የአባቶቻችን ልጆች ሆነን ከፈረስ ለመውጣት ድስት እንድፋ?» ይሉኛል። ለእነዚህ ወንድሞቼ መልስ አለኝ። አባቶቻችን ጉግስ ሲጫወቱ አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል። ታዲያ የሚሸሸው ፈረሰኛ በግራ እጁ የያዘው ምን ነበር? ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ጋሻ አልነበረምን? ዘንጉ ሲመጣ ዞር ብሎ ራሱንና ፊቱን የሚመክተው በዚያ ነበር። ያለ ጋሻ ወደ ጃን ሜዳ የወጣ ሰው ቂል ይባል እንደ ሆነ እንጂ ጀግና አይባልም ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር የሄደ ሰው፤ ፈረሰኝነት እንዴት ያለ ክብር እንዳለው አይቷል። ፊትን መከለል ከዚህ ክብር አንዳች አይቀንስም።

በውጭ አገርም ትዕቢት ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1559 የፈረንሳይ ንጉሥ ሁለተኛው ሄንሪ በፓሪስ በፈረስ ላይ የጦር ውድድር ሲጫወት፤ የተጋጣሚው ጦር ተሰበረና ስንጣሪው በቁሩ ክፍተት ገብቶ ከዓይኑ በላይ ወጋው። በዘመኑ ስመ ጥሩ የነበሩት ሐኪሞች፤ አምብሯዝ ፓሬና ቬሳሊየስ፤ ቢጠሩለትም በ10ኛው ቀን ሞተ። የብረት ቁር ለብሶ ሳለ የሞተው በዓይን በኩል በቀረው ቀዳዳ ነው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በቤጂንግ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው አሜሪካዊት ኮርትኒ ኪንግ ዳይ በ2010 ያለ ቁር ስትለማመድ ፈረሱ ተሰናከለና ወደቀች፤ ለሳምንታትም ራሷን ሳታውቅ ቆየች። በእርሷ ዓይነት ውድድር ያኔ ታላላቆቹ ጋላቢዎች የሚደፉት ለጌጥ የሆነ ረጅም ባርኔጣ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ቁርን ለሁሉ ግዴታ ያደረገው ከ2021 ጀምሮ ነው።

ቁር የምትገዛ ከሆነ፤ ከቅንድብህ በላይ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ የሚቀመጥና ከአገጭ ሥር የሚታሰር ይሁን። ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባርን ገላልጦ የሚቀመጥ ቁር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ውስጡ ያለው ፎም ሲመታ ተጨፍልቆ ኃይሉን የሚቀበል ስለ ሆነ፤ አንድ ጊዜ በርትቶ ከተመታ በኋላ ከውጭ ደኅና ቢመስልም መለወጥ አለበት። ነገር ግን ተራው ቁር የሚያድነው ጭንቅላትንና ግንባርን ነው፤ አፍንጫ፤ አፍና መንጋጋ ውጭ ይቀራሉ። የፖሎ ተጫዋቾች ኳስና ዱላ ስለሚበዛባቸው በቁሩ ፊት የብረት ፍርግርግ ይጨምሩበታል። እኛ ግን ለሽርሽር ይህን አንደርስበትምና፤ ቁር ደፍቻለሁ ብለህ ከአንገቱ ላይ አትተኛ።

አደጋው ከደረሰ በኋላስ? አፍንጫ ሲደማ ብዙዎቻችን ራሳችንን ወደ ኋላ እንጥላለን፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ወደ ፊት አጎንብሶ፤ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ሳይለቁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጫን ይገባል። ከአፍንጫ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ቢወርድ፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ቢታይ፤ ጥርሶችህ እንደ ቀድሞው አልገጥም ቢሉ፤ ወይም ማስታወክና እንቅልፍ ቢበዛ፤ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ሂድ። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መወሰድህን ጠይቅ፤ የበሽታው ዘር በፈረስ ፋንድያና በአፈር ውስጥ ይገኛልና።

የወለቀ ጥርስን ነገር ሐኪሙ ያስተማረኝ ዘግይቶ ነው። የዐዋቂ ሰው ጥርስ ከነሥሩ ሲወልቅ ሥሩን ሳይነኩ በራሱ በኩል ይዞ፤ ቢቆሽሽ በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ጥቂት ለቅለቅ አድርጎ፤ ከተቻለ ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ፤ ካልተቻለም በቀዝቃዛ ወተት ውስጥ አድርጎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። ወተቱስ ወንጪ ላይ በየቤቱ ነበር። እኔ ግን ጥርሴን ከማስታወሻ ደብተሬ በቀደድሁት ወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትሁት። ሐኪሙ ወረቀቱን ገልጦ አየና መልሶ ጠቀለለው። «ከወለቀ ስንት ሰዓት ሆነው?» አለኝ።

«ሁለት ቀን» አልሁት።