ያልተሰማ ሰው አይቀጣም

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ ታውንሃውስ የገዛ ኢትዮጵያዊ ስለ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ደብዳቤ ከላኩብህ ከፍለህ ተገላገል።» ምክሩ የቅንነት ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ማንም እንደማይጠይቀው ያወቀ ቦርድ ሕግ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም።

አንዲት የሰፈራችን እናት «ይህን አንብብልኝ» ብለው ደብዳቤ ሰጡኝ። የቆሻሻ በርሜላቸው ከመሰብሰቢያው ቀን በኋላ ደጃፍ ላይ እንደቆመ የሚያሳይ ፎቶ፣ ከሥሩ ቀንና ሰዓት፣ ቀጥሎ 150 ዶላር ቅጣት። ይግባኝ እንበል ስላቸው «ከፍያለሁ እኮ ልጄ፤ ከመንግሥት ጋር ምን አጣላኝ?» አሉኝ።

ደብዳቤውን የላከው ግን መንግሥት አይደለም። የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ቦርዱን የሚመርጡት እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ደብዳቤ የሚልከው ማኔጅመንት ካምፓኒም ቦርዱ በውል የቀጠረው ነው፤ ካልሠራ ይሰናበታል። በቨርጂኒያ ሕግ ማኅበሩ መቅጣት የሚችለው ዲክላሬሽኑ (የማኅበሩ መሠረታዊ ሰነድ) ወይም በእሱ መሠረት የወጣ ደንብ በግልጽ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ያም ሆኖ በመጀመሪያ ጥፋቱን በጽሑፍ አሳውቆ የማረሚያ ጊዜ መስጠት አለበት። ካልታረመም ባለቤቱ ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት በእጅ ወይም በአደራ ደብዳቤ ተጠርቶ፣ ከፈለገ ጠበቃ ይዞ ቀርቦ ይሰማል። የቅጣቱም ጣሪያ ለአንድ ጥፋት 50 ዶላር ነው፤ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን 10 ዶላር፣ ያውም ከ90 ቀን ላልበለጠ ጊዜ። እኚህ እናት አልተጠሩም፣ አልተሰሙም፤ የጣሪያውን ሦስት እጥፍ ግን ከፍለዋል።

የሳተላይት ሳህኑም ነገር እንዲሁ ነው። የአገር ቤት ቴሌቪዥን ለማየት በገዛ ጣሪያቸው ላይ የሰቀሉትን ሳህን በአንድ ደብዳቤ ያወረዱ አባወራዎች አውቃለሁ። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ባለቤቱ ለብቻው በሚጠቀምበት ቦታ ላይ የተተከለን ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ሳህን ማኅበራት እንዳይከለክሉ ደንግጓል፤ እንደ ደህንነት ያለ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር። ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም።

«ደንብ ከሌለ ሰፈሩ ይበላሻል» ይሉኛል። እስማማለሁ። በረዶ መጠረግ፣ መንገድ መጠገን አለበት፤ የወር መዋጮም በሰዓቱ መከፈል አለበት። በቅጣት ተናድዶ መዋጮ ማቆም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ማኅበሩ ያልተከፈለውን በቤቱ ላይ ዕዳ አድርጎ ያስመዘግብበታል። ነገር ግን ሰፈር ማስዋብ ሰውን ሳይሰሙ ለመቅጣት ፈቃድ አይሆንም። የቦርድ አባላት ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ መሆናቸውም ቢሆን ከሕጉ አያወጣቸውም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የራሳችን ዝምታ ነው። በእድራችን ሒሳብ ሹሙ ለድንኳን ያወጣውን ገንዘብ ደረሰኝ አምጣ ብለን እስከ ማታ የምንከራከር ሰዎች ነን። የ30 ዓመት ሞርጌጅ የምንከፍልበት ቤት ጉዳይ ሲሆን ግን ዓመታዊ ስብሰባው ላይ አንገኝም፤ የውክልና ወረቀቱን ለማናውቀው ሰው ፈርመን እንሰጣለን ወይም ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር እንጥለዋለን። የቦርድ ስብሰባ በመርህ ለአባላት ክፍት ነው፤ የማኅበሩን ሒሳብ መመርመርም የአባል መብት ነው። እንግሊዝኛ አልችልም የሚል ልጁን ወይም ጎረቤቱን ይዞ ይሂድ።

ደብዳቤ ሲመጣ መክፈል ከመጣደፍ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል፤ የጣስኩት አንቀጽ የትኛው ነው? የምሰማውስ መቼ ነው? መልሱ ካላረካ በማኅበሩ የአቤቱታ ሥርዓት በኩል ማመልከት ይቻላል። ቦርዱ በመጨረሻ እንቢ ካለም በ30 ቀን ውስጥ ወደ ግዛቱ የጋራ መኖሪያዎች እምባ ጠባቂ መሄድ ነው። እምባ ጠባቂው የማኅበሩን የውስጥ ደንብ አይዳኝም፤ የሚያየው የሕግ ጥሰትን ነው። ሳይጠሩ መቅጣት ደግሞ የሕግ ጥሰት ነው።