የማይጮህ ሽቶ

ሊማሊሞን በሚኒባስ የወረደ ሰው የሽቶን ነገር ያውቃል፡፡ ደባርቅ ላይ ከብርዱ የተነሳ መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል፡፡ ከዚያ አንዱ ወንድማችን “ከዱባይ የመጣ ነው” የተባለለትን ሽቶ አርከፍክፎ ይገባል፡፡ እሱ ዝም ቢልም ሽቶው ዛሪማ እስክንደርስ በየጠመዝማዛው ያወራል፡፡

ዛሪማ ስንደርስ የቆላው ሙቀት ተቀበለንና ቡና ልንጠጣ አረፍ አልን፡፡ ቡና የምታፈላው እህታችን ፍሙ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ እጣን ጣል አደረገች፡፡ ማንም “ምን ሸተተ?” አላለም፤ ሁላችንም ግን ተደላድለን ተቀመጥን፡፡ ክርክራችን የተጀመረው እዚያ ነው፡፡ ለመሆኑ ጥሩ ሽቶ የትኛው ነው?

እኛ አቋም ይዘናል፡፡ ጥሩ ሽቶ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚገባ ሳይሆን ባለቤቱ ከወጣ በኋላ የሚናፈቅ ነው፡፡ የፈረንጅ ሽቶ ቀማሚ የብርቱካንና የእንጨት ጠረን አዋህዶ፣ ሞቅ ያለ ግን ጨዋ ሽቶ ለመሥራት ብዙ ይደክማል፡፡ እኛ ጋ ዛፍ ይሠራዋል፡፡ አላመናችሁም? የዋልያ መቀርን እጣን ሳታጨሱት በጣታችሁ ፈርፍራችሁ አሽትቱት፡፡ መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀጥሎ ደረቅ እንጨት ይሸታችኋል፡፡ ይህ የአገር ፍቅር ያመጣው ቅዠት አይደለም፡፡ በዚህ እጣን ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኦክታይል አሲቴት የተባለ ንጥረ ነገር በብርቱካንም ውስጥ አለ፡፡

ዛፉ ከመተማና ከቋራ ቆላ እስከ ተከዜ ሸለቆ ይበቅላል፤ የዛሪማ ወንዝም መድረሻው ተከዜ ነው፡፡ በበጋ ቅርፊቱ ይቆሰላል፣ የደማው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል፣ አብዛኛው በጥሬው ወደ ውጭ ይሸጣል፡፡ እዚያ ዘይቱ ይጣራል፤ ዋጋውም እዚያ ይወለዳል፡፡

“ታዲያ ምን ይጠበስ?” የሚለን አይጠፋም፡፡ የሚጠበሰውማ ዛፉ ራሱ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስተይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የእጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል፡፡ ሽማግሌ ዛፎች ይሞታሉ፤ ችግኙን ከብትና እሳት ይጨርሰዋል፡፡ አብዝቶ የደማ ዛፍ ደግሞ ዘሩ ጥቂትና ደካማ ነው፡፡

“እጣን መልቀም ይከልከል” አንልም፤ ስንት ቤተሰብ እንጀራ ይበላበታል፡፡ የምንለው፣ ዛፉ በየተራ ይረፍ፣ ችግኙ ይታጠር፣ ዘይቱም እዚሁ ይጣራ ነው፡፡ ከአንድ ዛፍ የሚገኘው ገቢ ካደገ ዛፉን ደጋግሞ የማድማቱ ችኮላ ይቀንሳል፡፡

የሚጮህ ሽቶ ሲያልቅ ባለቤቱ ሌላ ይገዛል፡፡ የዝምተኛ ሰው ሕመም ግን የሚታወቀው ከመሸ በኋላ ነው፡፡ የእጣን ዛፋችንም ዝምተኛ ነው፡፡