ክልል ድምፅ አይሰጥም

ምርጫ ባለቀ ቁጥር አንድ ካርታ ይዘዋወራል። እያንዳንዱ ክልል በአሸናፊው ፓርቲ ቀለም ይቀባና «እገሌ ክልል እገሌን መረጠ» ይባላል። እኛ ጋዜጠኞችም ተቀብለን እናራግበዋለን። ካርታው ግን ይዋሻል።

አዲስ አበባን ውሰዱ። በ1997 የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበር ቅንጅት ጠቅልሎ ወሰደ። በ2002 ኢሕአዴግ 22ቱን ወሰደ፤ አንዷ ለመድረክ ተረፈች። በ2007 ሃያ ሦስቱም የኢሕአዴግ ሆኑ። ያ ሁሉ የቅንጅት መራጭ የት ገባ? ተነነ? እስሩንና ወከባውን ለጊዜው እንተወው (መተው ከተቻለ)፤ ቀመሩ ብቻውን ሰው ያጠፋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ይገባል። ሦስት ተወዳዳሪዎች ከመቶ 36፣ 33 እና 31 ቢያገኙ ባለ 36ቱ ፓርላማ ይገባል፣ የ64ቱ ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ይህን 23 ጊዜ ድገሙትና ከተማዋ «መቶ በመቶ» ትሆናለች።

2013 ደግሞ የባሰ ነው። ኦነግና ኦፌኮ ከውድድሩ ወጥተው «ኦሮሚያ ብልጽግናን መረጠች» ተባለ። ከማን ጋር አወዳድራ? አብን 5 ወንበር እንዳገኘ ሁላችንም እናውቃለን፤ በአማራ ክልል በጠቅላላው ስንት ድምፅ እንዳገኘ የሚነግራችሁ ግን ስንት ሰው አለ? ትግራይ ጦርነት ላይ ነበረች፣ 38 ወንበሯ ባዶ።

ክልል ከብሔር ጋር በተጣበቀበት አገር ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። «እናንተው ናችሁ የመረጣችሁት» ተብሎ የሚሰደበው፣ ከዚያም አልፎ የሚፈናቀለው፣ ምናልባት ሌላውን የመረጠው ሰው ነው።

«ተመጣጣኝ ውክልና ደካማ መንግሥት ያመጣል» የምትሉ አላችሁ። ጠንካራውን አይተነዋል እኮ! በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 547ቱን ያዙ። ኅዳር 2008 ኦሮሚያ በተቃውሞ ተናጠች፣ መስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ፓርላማው ፊት ቆመው የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል ቃል ገቡ። አንቀጽ 54 ዛሬም እንዳለ ነው።

አንቀጹን መቀየር ጊዜ ይወስዳል፣ እሺ። የተሸናፊዎችን ድምፅ በየክልሉ ደምሮ ከወንበሩ ቁጥር ጎን ማውጣት ግን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አይጠይቅም። ምርጫ ቦርድ ይህን ያድርግ፤ መደመር እንደሆነ አገሩ ሁሉ ሲሰለጥንበት ከርሟል። የሙያ ባልደረቦቼም፣ ያ ቁጥር እስኪወጣ ድረስ ካርታውን አትለጥፉ።