አባቴ ደብዳቤውን አንብቦ ፈረመ

ሳልጽፍ ብዙ ቆየሁ፣ ይቅርታ። መዝጋን ለሚጠግን ሰው በሙቀቱ ወራት ቁጭ ብሎ መጻፍ የሚባል ነገር የለም፤ ማታ ቤት ስገባ እጄም ዓይኔም እኩል ይደክማሉ።

ዛሬ የማነሳው የኡልፓን አስተማሪዎችን ጉዳይ ነው፤ በተለይ ንባብ የሚያስተምሩበትን መንገድ። "እኛ ስንት ችግር እያለብን አንተ ስለ ንባብ ትጽፋለህ?" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እስቲ ታገሱኝና ከቤታችን ታሪክ ልጀምር፤ ከዚያ ፍረዱኝ።

የመጣነው በ2004 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ወደ መቫሰረት ጽዮን ከመዛወራችን በፊት በሌላ ከተማ በሚገኝ መርከዝ ክሊታ ነበርን፤ አባዬም ኡልፓን የተማረው እዚያ ነው። አባዬ ጎንደር ገጠር እያለ ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊትም ደግሟል። ስለዚህ የዕብራይስጡን ፊደል በሁለት ወር ውስጥ ለቀም አደረገው። ክፍል ውስጥ ተነስቶ ጮክ ብሎ ሲያነብ አስተማሪዋ "ዮፊ! ኮል ሃካቮድ!" ትለው ነበር። ቤት መጥቶ ይህንኑ ሲነግረን ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ዛሬም ይታየኛል።

አንድ ቀን ከእህቴ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። እህቴ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጆሮዋን በየጊዜው ያማት ስለነበር ክሊኒክ ተወስዳ "ብዲካት ሽሚዓ" የሚባለው የመስማት ምርመራ ተደርጎላታል። አባዬ መነጽሩን አደረገና ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበልን። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። "ቫዓዳት ሃሽማ" ከሚል ቦታ ሲደርስ ቆም አለና "ይኸውላችሁ፣ ጆሮዋን የሚያይ ኮሚቴ ነው፤ ፈርሙ ነው የሚለው" አለን። ፈረመ። ለስብሰባውም "ሐኪሞቹ ይጨርሱት፣ እኔ ምን አውቄ" ብሎ ሳይሄድ ቀረ።

ቃሉ "ሃሽማ" አልነበረም፣ "ሃሳማ" ነው። ምደባ ማለት ነው። ኮሚቴው በ1988 በወጣው የልዩ ትምህርት ሕግ መሠረት አንድ ልጅ ልዩ ትምህርት ክፍል ይግባ አይግባ ብሎ የሚወስን ነበር (በ2018 ሕጉ ሲሻሻል ስሙም አሠራሩም ተለውጧል)። ወላጅ ተገኝቶ የመናገር መብት ነበረው። አባዬ አልሄደም፣ እህቴም ሁለት ዓመት ልዩ ክፍል ተቀመጠች። ልጅቷን ያመማት እኮ ጆሮዋ ነው! እኔ ወረቀቱን ያገኘሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ጻቫ እያለሁ ለሰንበት ቤት የመጣሁ ቀን ሳጥን ውስጥ ከክትባት ካርዷ ጋር ታጥፎ አገኘሁት። ምን እንደሚል ስነግረው አባዬ ከእጄ ተቀበለኝና እንደገና ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ አጥፎ ወደ ቦታው መለሰው።

እንግዲህ ነገሩን ላስረዳ። በዕብራይስጥ "ሽ" እና "ስ" የሚጻፉበት አንድ ፊደል አለ። ነጥቡ በቀኝ ከሆነ ሺን፣ በግራ ከሆነ ሲን ይባላል። ነጥቡን ግን የምታገኙት በልጆች መጽሐፍ፣ በጸሎት መጽሐፍና በመሳሰለው ነው። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ በጋዜጣ፣ በመድኃኒት ወረቀት ላይ ኒቁድ የሚባለው ነገር በሙሉ የለም። ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ ተብሎ የተጻፈው ሴፌር (መጽሐፍ) ሊሆን ይችላል፣ ሳፓር (ጸጉር አስተካካይ) ሊሆን ይችላል፣ ሳፋር (ቆጠረ) ሊሆን ይችላል። አንባቢው የትኛው እንደሆነ የሚለየው የዓረፍተ ነገሩን አሳብ ይዞ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ ድምፁን ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ "ሉ" ካለ "ሉ" ነው፣ "ሊ" ካለ "ሊ" ነው። ማጥበቅና ማላላቱን ትተን ማለት ነው። ስለዚህ በፊደል ያደገ ሰው በዓይኑ ያየውን መጥራት ንባብ ይመስለዋል። ዕብራይስጥ ላይ ሲደርስ ይኼ ልማድ ጉድጓድ ይከተዋል። ይህንን ለአባዬ የነገረው ሰው አልነበረም።

የሚያስቆጨው ደግሞ አባዬ መልሱን በእጁ ይዞ ነበር። ዳዊት የደገመ ሰው ግእዝ አንብቧል። በግእዝ "ሰምዐ" የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው፤ የዕብራይስጡ ሻማዕ ዘመዱ ነው። "ሤመ" ደግሞ ሾመ፣ አስቀመጠ ማለት ሆኖ በንጉሡ ሠ ይጻፋል፤ ሢመት የምንለው ከዚያ ነው። "ሃሳማ" የዚህ የሤመ ዘመድ ነው! ሁለቱን ሰዎች ያጋጩት ጉዳይ አባቶቻችን በሁለት ፊደል ለይተው አስቀምጠውታል። ፊደልን የምታውቅ አስተማሪ ብትሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ታስረዳው ነበር። ባይትና ቤት፣ ላሾንና ልሳን፣ ሻማይምና ሰማይ፣ ሼምና ስም... ስንት ቃል ከቤታችን ይዘን መጥተን ባዶ እጃችንን እንደመጣን ተቆጠርን!

አስተማሪዋን እየወቀስኩ አይምሰላችሁ። ደግ ሴት ነበረች፣ በበዓል ቤታችን ትመጣ ነበር። እሷም የተማረችውን ነው የሠራችው። የተማረችው ደግሞ "ዒብሪት በዒብሪት" የሚባለውን ነው፤ ዕብራይስጥን በዕብራይስጥ ብቻ ማስተማር።

ይህ ዘዴ ከየት እንደመጣ ለማየት ከኛ ሰፈር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኢየሩሳሌም፣ ከሃነቪኢም መንገድ ታጥፋችሁ ኢትዮጵያ መንገድ ስትገቡ፣ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለ። ዕብራይስጥን የዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ ዕድሜውን የጨረሰው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ በዚሁ መንገድ ላይ ኖሯል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በአሊያንስ ትምህርት ቤት ልጆችን ዕብራይስጥ በዕብራይስጥ ያስተማረ እሱ ነው። በ1949 የመጀመሪያው ኡልፓን፣ ኡልፓን ዔጽዮን፣ እዚያው ኢየሩሳሌም ሲከፈትም መንገዱ ይኸው ሆነ። ለንግግር ግሩም ነው፣ አልክድም። እኔም ገበያ ውስጥ መከራከር የቻልኩት በዚያ ነው። ግን ቤን ይሁዳ ሲያስተምር ልጆቹ መጽሐፍ ያለበት ቤት ያደጉ ነበሩ። ከፊደል ወደ አሌፍ ቤት የሚሻገር የአርባ አምስት ዓመት ገበሬ በዚያ ክፍል አልነበረም።

ያ መንገድ ላይ ሳልፍ ሌላም ነገር ይታሰበኛል። በአገራችን ትምህርት ንባብና ትርጓሜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተማሪው መጀመሪያ ንባቡን ይወጣል፤ ትርጓሜው ሌላ ጉባኤ፣ ሌላ መምህር፣ ሌላ ብዙ ዓመት ነው። የኛም ቄሶች ኦሪትን በግእዝ አንብበው ሲያበቁ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስረዱናል። ማንም "አንብቧልና ገብቶታል" አይልም። በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 ላይ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በውኃ በር ፊት ተሰብስቦ ዕዝራ የሕጉን መጽሐፍ ሲያነብለት፣ ሌዋውያኑ እያብራሩ ያስረዱት እንደነበር ተጽፏል። ሊቃውንቱ የታርጉምን፣ የአራማይክን ትርጉም፣ መነሻ ከዚያ ይቆጥራሉ። እነዚያም አዲስ ገቢዎች ነበሩ! አባዬ ኡልፓን ውስጥ ንባቡን ጨርሶ "ዮፊ" ተባለ፣ ወደ ትርጓሜው ግን ሳይደርስ አሥር ወሩ አለቀ።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ጻቫ ውስጥ ነው ብል አታምኑኝም። ገሊላ ውስጥ ሚኽቬ አሎን የሚባል ለአዲስ ገቢ ወታደሮች ዕብራይስጥ የሚሰጥበት ጦር ሰፈር አለ። የምታስተምረን ሞራ ሐየሌት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እኔ እበልጣታለሁ። ከጋዜጣ የተቀደደ ጽሑፍ ታመጣና ርዕሱን ብቻ አሳይታ የቀረውን በእጇ ትሸፍነዋለች። "ምን የሚል ይመስላችኋል?" ትላለች። አንድ አንቀጽ ታነብና ትቆማለች። "እኔ ይህችን ቃል አላውቃትም እንበል፤ ምን አደርጋለሁ?" ብላ ራሷ ጮክ ብላ ታስባለች፤ ሥሯን ትፈልጋለች፣ ከፊትና ከኋላ ያለውን ታያለች። ከዚያ "አሁን ለጓደኛህ በቋንቋህ ንገረው" ትለኛለች። በአማርኛ! መጀመሪያ የምታሾፍ መስሎኝ ነበር። በአማርኛ ስናገር ግን ያልገባኝ ቦታ ወዲያው ይታወቃል፤ አፌ ይቆማል። በዕብራይስጥ ብትጠይቀኝ ከጽሑፉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጬ መልሼ እገላገል ነበር።

በኋላ ሲቪል ከሆንኩ ወዲህ ይህ ነገር የማን ፈጠራ እንደሆነ ፈልጌ አነበብኩ። አናማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን በ1984 ባሳተሙት ጥናት አራት ነገር አስቀምጠዋል፤ አስቀድሞ መገመት፣ መጠየቅ፣ ያልገባውን ማጥራትና ማሳጠር። አስተማሪው መጀመሪያ ራሱ እያደረገ ያሳያል፣ ቀስ በቀስ ለተማሪው ይለቅቃል። ጥናቱ የተሠራው ፊደሉን አጥርተው የሚያነቡ ግን የማይገባቸው ልጆች ላይ ነው። አባዬን መሰሉኝ።

በሙያ ትምህርት ቤት የገጠመኝ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። መምህሩ የኤሌክትሪክ መጽሐፉን እየዞረ ያስነብበናል፣ አንዱ አንቀጽ ሲያልቅ "ሀላኣ"፣ ቀጥል። ፖል ኔሽን የተባለ የኒውዚላንድ ምሁር ከባልደረባው ጋር በ2000 ባወጣው ጥናት፣ ሰው ያለ ረዳት አንብቦ እንዲገባው ከመቶ ቃል ዘጠና ስምንቱን ማወቅ አለበት ይላል። እኔ በዚያ መጽሐፍ ላይ ከመቶው ሃያውን አላውቅም ነበር! አንድ ጓደኛችን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ ያለችውን "ኤን" (አይፈቀድም የምትለዋን) ዘሎ አንብቦ እጁን ሊያጣ ነበር። አገር ቤትም ያው ነው። ጎንደር የቀረው ያጎቴ ልጅ እኛ በመጣንበት ዓመት በፕላዝማ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ይማር ጀመር፤ ቃል በቃል ሸምድዶ አለፈ። ምን እንደተማረ ግን ዛሬ ቢጠይቁት ይስቃል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ ለኛ ዕብራይስጥ የሚያስተምር ሰው ንባብን ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነውና ይሠልጥንበት። ሥልጠናው ላይ መጀመሪያ እሱ ራሱ ፊደል ይቁጠር፤ "ሀ ሁ" ላይ ላብ ሲያልበው የኛ ላብ ይገባዋል። ኒቁዱን በአንድ ቀን ከመንጠቅ ከየገጹ ላይ በጥቂት በጥቂቱ መቀነስን ይልመድ። ድሮ በኒቁድ የሚታተም ኦሜር የሚባል ዕለታዊ ጋዜጣ ለአዲስ ገቢዎች በ1951 ተጀምሮ እንደነበር ታውቃላችሁ? ያኔ የገባቸው ነገር ነበር። የክፍሉም መጽሐፍ የዳኒና የሩቲ ታሪክ ብቻ አይሁን፤ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመድኃኒት ወረቀት ይምጣ። ተማሪውም የገባውን በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይናገር፤ የሚሰማው ረዳት አስተማሪ ከኛው ይቀመጥ።

"ከኛ መካከል አስተማሪ ከየት ይመጣል?" ለሚሉ አንድ ታሪክ ላስታውስ። በ1954 ሶኽኑት አስመራ ላይ ለቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1955 እና በ1956 ደግሞ 27 ልጆች ክፋር ባትያ ወደሚባለው የወጣቶች መንደር መጥተው እንዲማሩ ተደረገ፤ ዓላማው ተመልሰው መንደራቸውን እንዲያስተምሩ ነበር። ወለቃ ተወልደው ኢየሩሳሌምና አውሮፓ የተማሩት አቶ ዮና ቦጋለ በዚያ ዘመን የትምህርቱን ሥራ ከሚመሩት ዋናው ነበሩ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አልፎም ይሆናል። በዚያ ዘመን የታሰበው ነገር ዛሬ በአንድ ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ውስጥ ከባድ ሆነ?

እርግጥ ነው፣ አማርኛ የሚችል ሁሉ አስተማሪ አይሆንም። እኔ ራሴ ታናሽ ወንድሜን ላስተምር ሞክሬ ተጣልተናል። ደግሞ እምዬን አስቡ፤ በየትኛውም ቋንቋ ፊደል ቆጥራ አታውቅም። ለሷ የሤመና የሰምዐ ነገር ምንም አይፈይድላትም፤ መጀመሪያ እርሳስ መያዝ ነው የሚያስፈልጋት። እሷንና አባዬን በአንድ ክፍል አስቀምጦ አንድ መጽሐፍ መስጠት ሁለቱንም መበደል ነው። ይህን ለይቶ ማወቅም ከሥልጠና ነው የሚመጣው። ገንዘብ ይፈጃል የሚሉኝም አሉ። እህቴ የተቀመጠችበት ሁለት ዓመት ስንት ፈጀ? እሱን ማን አሰላው?

አሁን ማክሰኞ ማታ ማታ እኛ ቤት አምስት ስድስት ሰው ይሰበሰባል። እያንዳንዱ የሳምንቱን ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፣ ርዕሱን አይተን እንገምታለን፣ ሥር እንፈልጋለን፣ በአማርኛ እንነጋገራለን። ጡረታ የወጣች አንዲት የኡልፓን አስተማሪም ከሰፈሩ ትመጣለች፤ ፊደል መቁጠር ጀምራለች፣ "ጰ" ላይ ትቸገራለች። ባለፈው ማክሰኞ "ሠ"ና "ሰ" ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሁለት ሆኑ ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት አባዬ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ ማስረዳት ጀመረ፤ እስከ አራት ሰዓት አልጨረሱም።