ቢሮው ለማን ነው? ለየትኛውስ ቀን?

በክፍላችን የቢሮ ሕንፃ ዲዛይን ሳያደርግ የሚመረቅ ተማሪ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሠራራችንም የታወቀ ነው። ሊፍትና ደረጃው መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ዙሪያው በመስታወት ይሸፈናል፣ የተረፈው ወለል ላይ ደግሞ “ኦፕን ኦፊስ” ተብሎ ይጻፍበትና ጠረጴዛ በመደዳ ይደረደርበታል። ጠረጴዛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሲመጣስ ምን ሊሠራ እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ከፎቁ ብዛት በፊት መቅደም ያለበት ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ።

እንደሚታወቀው የቢሮ ሥራ ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1973 ጃክ ኒልስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ሠራተኛው በመኪና ወደ ሥራው ከሚጓዝ ሥራው በመገናኛ መስመር ወደ ሠራተኛው ቢሄድስ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሐሳቡ የጥቂቶች ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ ግን በሳምንታት ውስጥ የዓለም ቢሮዎች ባዶ ሆኑ። በሀገራችንም በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ መወሰኑ ይታወሳል። ወረርሽኙ ከረገበ በኋላ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ኩባንያዎች ወደ ቀድሞው አሠራር ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢሮ፣ የቀረውን ቀን ቤት የሚያሠሩ በረከቱ። ሃይብሪድ እየተባለ የሚጠራው ቅይጥ አሠራር ይኸው ነው። በአንጻሩ እንደ አማዞን ያሉት ከጥር 2025 ጀምሮ የቢሮ ሠራተኞቻቸው አምስቱንም ቀን እንዲገኙ አዝዘዋል። ስለዚህ ክርክሩ ገና አልተቋጨም።

እስቲ ክርክሩን በማስረጃ እንየው። የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ትሪፕ ዶት ኮም በተባለ የቻይና የጉዞ ኩባንያ ውስጥ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። 1,612 ሠራተኞች በልደት ቀናቸው ለሁለት ተከፈሉ። ጎዶሎ ቁጥር ላይ የተወለዱት በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ተፈቀደላቸው፣ ሙሉ ቁጥር ላይ የተወለዱት አምስቱንም ቀን ቢሮ ዋሉ። ውጤቱ ምን ሆነ? በሥራ አፈጻጸም ግምገማም ሆነ በዕድገት ልዩነት አልታየም፤ ሥራቸውን የሚለቁት ግን በአንድ ሦስተኛ ቀነሱ። ሌላው ጥናት ደግሞ ወደ ተቃራኒው ያደላል። ማይክሮሶፍት ከ61,000 በላይ የአሜሪካ ሠራተኞቹን መረጃ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሁሉም ሙሉ በሙሉ ከቤት መሥራት ሲጀምር ሠራተኛው ከራሱ ቡድን ጋር ይበልጥ እየተጠጋ፣ ከሌሎች ክፍሎች ጋር የነበረው ግንኙነት ግን እየሳሳ መሄዱን አሳይቷል።

ሁለቱ ጥናቶች ይጋጫሉ? አይመስለኝም። የመጀመሪያው ቤት መዋል ሥራ እንደማይገድል ይናገራል። ሁለተኛው ቢሮ ጨርሶ ከቀረ የሚጠፋ ነገር እንዳለ ይናገራል። እንግዲያው ቢሮ የሚያስፈልገው ያ የሚጠፋው ነገር እንዳይጠፋ ነው ማለት ነው። ለእኛ ለዲዛይን ተማሪዎች ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰው ኮምፒውተር ላይ አንገቱን ደፍቶ ለመዋል ከሆነ ቤቱም ይበቃዋል። ወደ ቢሮ የሚመጣው ለሌላው ሰው ብሎ ነው።

ታዲያ ብዙ ኩባንያዎች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ሌላ ሆነ። “ግማሹ ሰው ከሌለ ግማሹ ጠረጴዛ ለምን ያስፈልጋል?” አሉና የግል መቀመጫን አነሱ። ጠዋት ቀድሞ የመጣ የፈለገበት ይቀመጣል፣ ማታ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ለሒሳብ ክፍል ይህ ደስ የሚል ዜና ነው፤ የኪራይ ወጪው ይቀንሳልና። ነገር ግን ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ተሞክሮ የወደቀ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቻያት ዴይ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን ዝነኛውን የአፕል ማኪንቶሽ ማስታወቂያ የሠራ የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት ነው። ሎስ አንጀለስ ቬኒስ በሚባለው ሰፈር የነበረውን ሕንፃውን የነደፈው ፍራንክ ጌሪ ሲሆን፣ መግቢያው ላይ የቆመው ግዙፍ ባይኖኩላር በአርክቴክቸር መጻሕፍት ደጋግሞ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1994 የድርጅቱ ኃላፊ ጄይ ቻያት የሠራተኛውን ሁሉ የግል ቢሮና ጠረጴዛ አስነሳ። የኒውዮርኩን ቢሮ ደግሞ ጣሊያናዊው ዲዛይነር ጋኤታኖ ፔሼ በደማቅ ቀለማት ሠራው። ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ ላፕቶፕና ስልክ ተውሶ የፈለገበት ቦታ ሄዶ ይሠራል፤ ለግል ዕቃው ትንሽ ቁም ሣጥን ተሰጥቶታል። በወረቀት ላይ ሲታይ ነጻነት ይመስላል።

በተግባር ግን ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ሆነ። ላፕቶፑም ስልኩም ለሁሉም አልደረሰም። ማልደው መጥተው ዕቃውን የሚወስዱና ለነገ የሚደብቁ ተፈጠሩ። ፋይላቸውን የሚያኖሩበት ያጡ ሰዎች የመኪናቸውን የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ መዝገብ ቤት አደረጉት። ወረቀቱን በልጆች መጎተቻ ጋሪ ጭኖ የሚዞርም ነበር። አለቃ ሠራተኛውን ለማግኘት ሕንፃውን መዞር ነበረበት፤ የሰለቸውም ቤቱ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ድርጅቱ ያንን አሠራር ትቶ ክላይቭ ዊልኪንሰን ወደ ነደፈው ሰፊ የመጋዘን ሕንፃ ገባ። አዲሱ ቢሮ እንደ ትንሽ ከተማ የታቀደ ነበር። ዋና መንገድ አለው፣ መናፈሻ አለው፣ ቡድኖች የሚኖሩበት ሰፈር አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መቀመጫው ተመለሰለት።

አንዳንዱ “ያኔ ቴክኖሎጂው አልደረሰም ነበር፣ ዛሬ ሁሉም የራሱ ላፕቶፕና ሞባይል አለው” ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ የዕቃው ሰልፍ ዛሬ አይኖርም። የሰዉ ጉዳይ ግን አልተለወጠም። እስቲ የራሳችንን ስቱዲዮ አስቡ። ሴሚስተሩ ሲጀመር ሁሉም ጠረጴዛውን ይይዛል፣ መብራቱን ያስተካክላል፣ ስኬቹን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የማን ሥራ የት እንዳለ ማንም ሳይጠይቅ ያውቃል። ሞዴል መሥራት የሚችለውን፣ ሶፍትዌሩ ላይ ጎበዝ የሆነችውን ሄዶ መጠየቅ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት “ቀድሞ የመጣ ይቀመጥ” ቢባል ግድግዳው ባዶ ይሆናል፤ ጎረቤትም አይኖርም።

ጎረቤት ማለቴ ለጨዋታ አይደለም። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” የሚለው አባባላችን በጥናትም የተደገፈ ነው። የኤም አይ ቲው ቶማስ አለን በምርምር ድርጅቶች ውስጥ መሐንዲሶች ስንት ጊዜ እንደሚነጋገሩና በመካከላቸው ስንት ሜትር እንዳለ አመዛዝኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው ርቀቱ ሲጨምር ንግግሩ በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ 50 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ከዚያ በላይ መራቁ ብዙም ለውጥ የለውም፤ ቀድሞውኑ ተረስተዋልና።

“እንግዲያው ግድግዳውን ሁሉ አፍርሰን ሰዉን እናቀራርበው” የሚል ደግሞ ይነሳል። ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ኢታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ወደ ክፍት ቢሮ ሲዛወሩ የፊት ለፊት ንግግር በ70 በመቶ ገደማ ወርዷል፣ ኢሜይሉና ፈጣን መልእክቱ ጨምሯል። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም። ሁሉም በሚያይህና በሚሰማህ አዳራሽ ውስጥ ማውራት ስለሚከብድ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ትሰካለህ። ማዳመጫ የሰካን ሰው ደግሞ ማን ደፍሮ ይጠራዋል? በቅይጥ አሠራር ይህ ይብሳል፤ ቢሮ የመጣው ሰው ቤት ካሉት ጋር በቪዲዮ ሲያወራ መላው ወለል አብሮ ይሰበሰባል።

እስካሁን የሆነው ከሆነ ምን ይደረግ? እኔ አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አማካይ ቁጥር አያታልለን። 100 ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት በሳምንት ሦስት ቀን ይምጡ ቢል፣ 300 ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 60 ሰው ነው። 60 ጠረጴዛ ይበቃል ማለት ነው? ሰኞና አርብን ሁሉም ቤቱ ሆኖ ለመሥራት ከመረጠ ግን ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ 100ውም ይመጣል፤ 40 ሰው ቆሞ ይቀራል። በሁለት ቡድን ከፍለን አንዱ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ሌላው ከረቡዕ እስከ አርብ ቢመጣ ደግሞ አራቱን ቀን 50 ሰው፣ ረቡዕን 100 ሰው ይሆናል። ረቡዕ የስብሰባ፣ የሥልጠናና የጋራ ምሳ ቀን ከሆነ የሚያስፈልገው ትልቅ አዳራሽ እንጂ 100 ጠረጴዛ አይደለም። ልብ በሉ፣ የሰው ብዛትም የመምጫው ቀን ብዛትም አልተለወጠም። የተለወጠው የሳምንቱ ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ ፕላኑ ግን ጨርሶ ሌላ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ጠረጴዛው የጋራ ቢሆን እንኳ ሰፈሩ የቡድኑ ይሁን። ሒሳብ ክፍል የሒሳብ ክፍል ጥግ ይኑረው፤ ግድግዳው፣ መደርደሪያው፣ የሚቆለፍ ሣጥኑ የእነሱ ይሁን። ሰውየው የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ባያውቅም ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ይወቅ። በኪራይ ከሚቆጠበው ገንዘብ አብዛኛው በዚህ መንገድም ይቆጠባል።

ሦስተኛ፣ ለድምፅ ቦታ እንስጠው። አንድ ወይም ሁለት ሰው ገብቶ የሚደውልባቸው፣ በር ያላቸው ትንንሽ ክፍሎች ከጠረጴዛዎቹ አጠገብ ይኑሩ። የስብሰባ ክፍሉም ቢሆን ረጅም ጠረጴዛ ሆኖ ስክሪኑ ጫፉ ላይ ሲሰቀል፣ ቤቱ ያለው ሰው የሚያየው የቅርቡን ሰው ትከሻ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ወደ ስክሪኑ እየሰፋ ቢሄድ ሁሉም ፊት ይታያል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ቤቱ ያለው ሰው የስብሰባው አባል ነው ወይስ ተመልካች የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት።

አራተኛ፣ ባህል የሚኖርበትን ቦታ አስቀድመን እንሳለው። የኩባንያ ባህል ሲባል የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛና ግድግዳ ላይ የተጻፈ መፈክር የሚመስለው ብዙ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ባህሉ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የመሥሪያ ቤት ዕቁብ አለ፣ ለቅሶ ለመድረስ የሚዋጣ ገንዘብ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቡና ሰዓት አለ። የባልደረባ እናት መታመሟ፣ አዲሱ ልጅ ሥራው እንደከበደው የሚሰማው እዚያ ነው። ነገር ግን ፕላናችን ላይ ቡናው የት ነው? የለም። ስለሌለም ደረጃ ሥር ወይም መጸዳጃ ቤት አጠገብ ያለ ጥግ ላይ ይፈላል፣ የከሰሉ ጭስም ኮሪደሩን ይሞላዋል። መስኮት ያለው፣ ጭሱ የሚወጣበት፣ በሁለት ቡድኖች ሰፈር መካከል ያለ ክፍል ቢሰጠው ማይክሮሶፍት የጠፋብኝ ያለውን የክፍሎች ግንኙነት በነጻ እናገኛለን።

ይህ ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው አዲስ ገቢው ነውና። ነባሩ ባለሙያ ቤቱ ቢውል የሚደውልለትን ያውቃል፤ ባለፉት ዓመታት ቡና አብሮ ጠጥቷል። ዘንድሮ ተመርቆ የሚቀጠር ግን ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ሙያችን ደግሞ ከጀርባ ቆሞ በማየት የሚለመድ ነው፤ ሲኒየሩ የደረጃውን ዝርዝር ሥዕል ሲያርም አይተን ነው የምንማረው። ቤቱም ቢሆን ለሁሉም እኩል አይደለም። አንድ ክፍል ተከራይቶ ከወንድሞቹ ጋር ለሚኖር፣ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ለሚቸገር ወጣት “ከቤትህ ሥራ” ማለት ሁልጊዜ ችሮታ አይደለም።

ዲዛይነርም ብቻውን ሁሉን አያድንም። ሮበርት ፕሮፕስት ለኸርማን ሚለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው “አክሽን ኦፊስ” ሠራተኛው እንደ ሥራው የሚያሰፋውና የሚለውጠው ነበር። ኩባንያዎች ግን ቦታ ለመቆጠብ አጥብበው ሣጥን የመሰለውን ኪዩቢክል አደረጉት፤ እሱም በመጨረሻ ዘመኑ አጥብቆ ነቅፎታል። ስለዚህ አሠሪው ምን ዓይነት ሳምንት እንደሚፈልግ ሳይናገር እርሳስ ማንሳት የለብንም።

በመሆኑም ለመምህሮቻችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የቢሮ ፕሮጀክት ሲሰጠን፣ ከፕላኑ በፊት አንድ ገጽ የሳምንት ሠንጠረዥ እንድናቀርብ ይታዘዝ። የትኛው ቡድን በየትኛው ቀን ይመጣል፣ ስንት ሰው፣ ምን ሊሠራ? በግምገማ ቀንም “ፊት ለፊቱ ያምራል” ከመባሉ በፊት ያ ገጽ ይታይ። እናንተም የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ተማሪዎች በሚቀጥለው እትም ብትሞግቱኝ ደስ ይለኛል።