ልጅዎ ቀለም ይሳሳታል? ከመቆጣትዎ በፊት ይህን ያንብቡ

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ግን ስንቱን ልጅ ያለጥፋቱ ያስቀጣል። ስለ ቀለም ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ደብተሩን አውጥታ ዘረጋችልኝ። ልጁ ዛፍ ስሏል፤ ግንዱም ቡናማ፣ ቅጠሉም ቡናማ። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበታል።

«ዶክተር፣ ሌላው ትምህርት ላይ ጎበዝ ነው። ቀለም ላይ ግን ሆን ብሎ ነው የሚያበሽቀኝ። ትናንት ቆንጥጬዋለሁ» አለችኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

ከለሮቹን ከፓኮው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደባለቅኳቸውና «ማሙሽ፣ እስቲ አረንጓዴውን ስጠኝ» አልኩት። እጁ ወደ ቡናማው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ፓኮው ውስጥ ሲሆን አራተኛው ነው።»

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። አይኑ የማይለይለትን ቀለም በተራ ቁጥር ሸምድዶ የኖረ ልጅ ነው። ከለሩ ከፓኮው ወጥቶ ሲደባለቅ ነው የሚጠፋበት። ወደ አይን ሐኪም ላክሁት፤ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር እንዳለበት ተረጋገጠ። እናትየው ውጤቱን ስትሰማ ትንሽ ዝም ብላ «አባቴም እኮ ካልሲ ሲመርጥ ሁሌ እንስቅበት ነበር» አለች።

እንደ ሐኪምም እንደ ወላጅም ያለኝን አቋም በግልጽ ልንገራችሁ፦ ለትንንሽ ልጆች ቀለምን ፈተና ማድረግ አልነበረብንም። እንግዳ ሲመጣ «ማሙሽ፣ ይሄ ምን ቀለም ነው? ይሄስ?» እንላለን። ልጁ ከመለሰ ይጨበጨብለታል፣ ከተሳሳተ ያፍራል። ፈተና የሚነግረን «መለሰ» ወይም «ተሳሳተ» የሚለውን ብቻ ነው። አብረነው ስንጫወት ግን እንዴት እንደሚያይ እናውቃለን። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

✅ መቼ ነው የሚጠበቀው?

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በልጆች የዕድገት መመሪያው ላይ በ2 ዓመት ተኩል የሚጠብቀው ቢያንስ አንድ ቀለም ማወቅን ነው፤ ለምሳሌ «ቀዩ የቱ ነው?» ሲባል መጠቆም። በ4 ዓመት ደግሞ የጥቂት ነገሮችን ቀለም በስም መጥራት። ጥቂት ነው የሚለው እንጂ ሁሉንም አይደለም! ስለዚህ የ2 ዓመት ልጃችሁ ሙዙን «ቀይ» ቢላችሁ አትደንግጡ፣ ጊዜው ገና ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የሚያሳስበኝ ሌላ ልጅ አለ። ከስልክ ላይ «ሬድ፣ ብሉ፣ ግሪን» እያለ አስር ቀለም የሚደረድር፣ ነገር ግን ውሃ ሲጠማው መጠየቅ የማይችል፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል። ወላጆቹ በቀለሙ ኮርተው ንግግሩን ያልፉታል። እንዲህ ያለው ልጅ መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

✅ ታዲያ እንዴት እናስተምር?

አማርኛችን ራሱ ያግዘናል። ሰማያዊ ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን የመጣ ስም ነው። ቡና ሲቆላ ልጁን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና «እያት፣ አሁን ቡናማ ሆነች፤ ቆይታ ደግሞ ትጠቁራለች» በሉት። ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል?

ሌላ ትንሽ ዘዴ ልጨምር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የዕቃው ስም ቀድሞ ቀለሙ ሲከተል ልጆቹ የተሻለ ተምረዋል። በእኛ አነጋገር «ቀዩን ኳስ አየኸው?» ከማለት «ኳሱን አየኸው? ቀይ ነው» እንደማለት ነው። ልጁ መጀመሪያ ኳሱን ያገኘዋል፣ ከዚያ «ቀይ» የተባለው ምኑ እንደሆነ ይፈልጋል። ወጪ የለውም፣ ሞክሩት።

✅ መደባለቅ፦ እኔ የምወደው ክፍል

ሁለት ቀለም ብቻ አቅርቡ። ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴ ይሰጣል፤ ቀይና ቢጫ ብርቱካናማ፤ ቀይና ሰማያዊ ወይን ጠጅ። የውሃ ቀለም ከሌለ በአንድ ብርጭቆ ትንሽ እርድ በውሃ በጥብጡ፣ በሌላው የቀይ ሥር ውሃ አድርጉ። ቀይ ሥሩን በእርዱ ላይ ጠብ ጠብ ስታደርጉት ቢጫው ወደ ብርቱካናማ ሲሄድ ታያላችሁ። (እርድ ልብስ ላይ አይለቅም፣ አሮጌ ልብስ አልብሷቸው።)

ከመደባለቃችሁ በፊት ግን «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መገመት፣ መሞከር፣ ተሳስቶ እንደገና መሞከር፤ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፣ የቀለሙ ስም በኋላ ይደርሳል። ሁሉንም ደባልቆ ጭቃ ቢያስመስለውም አትቆጡት፤ ያ ራሱ ውጤት ነው።

⚠️ አደራ፣ የግድግዳ ወይም የመኪና ቀለም ለልጅ አትስጡ። አንዳንዱ ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት (ሌድ) አለበት። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም የለውም።

✅ አይናችንም ቀለም ደባላቂ ነው

በአይናችን ውስጥ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሴሎች አሉ። አእምሯችን ከሦስቱ የሚመጣለትን መልእክት አቀናጅቶ ነው ቀለማትን ሁሉ የሚያሳየን። ከሦስቱ አንዱ ሲደክም ወይም ሲጎድል ቀይ፣ አረንጓዴና ቡናማ ይምታታሉ። በተለምዶ «ከለር ብላይንድ» የምንለው ይህ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ልጁ ዕውር አይደለም፤ አብዛኞቹ አጥርተው ያያሉ፣ የሚምታታባቸው ቀለም ነው።

ችግሩ በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ወንዶች ላይ በብዛት ይታያል። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ አለበት፤ በአፍሪካ ቁጥሩ ያንሳል፣ ግን አለ። እናት ምንም ሳይኖርባት ከአባቷ ወርሳ ለወንድ ልጇ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የዚያች እናት የካልሲ ጨዋታ ትርጉሙ ይሄ ነበር።

እነዚህን ካያችሁ አስመርምሩ፦
🔹 ከ4 ዓመት በላይ ሆኖ ቀይን ከቡናማ ወይም ከአረንጓዴ ደጋግሞ ካምታታ
🔹 ከለር ቀቡ ሲባል የሚሸሽ ወይም ሌላ ልጅ የመረጠውን አይቶ የሚመርጥ ከሆነ
🔹 በእናት በኩል ቀለም የሚያምታታ አያት ወይም አጎት ካለ

ምርመራው አያምም። ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 ያሳተሙት በነጠብጣብ የተሞላ የሥዕል መጽሐፍ ዛሬም ይሠራበታል። ቁጥር ለማያውቅ ልጅ በጣት የሚከተለው መስመር ያላቸው ገጾች አሉ። ነገር ግን ቀለም መለየት ይችል የነበረ ልጅ በድንገት ካቃተው ወይም ችግሩ በአንድ አይን ብቻ ከሆነ ሳትዘገዩ አይን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

በዘር የመጣውን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። የሚያስፈልገው ግን ቀላል ነው፦ ከለሮቹ ላይ ስማቸውን መጻፍ፣ ለመምህሩ መንገር፣ የትራፊክ መብራት ላይ ቀዩ ከላይ አረንጓዴው ከታች መሆኑን ማስተማር።

ያ ልጅ አሁን ከለሮቹ ላይ እናቱ በወረቀት ስማቸውን ለጥፋለታለች። ባለፈው ለክትትል ሲመጣ አንድ ዛፍ ስሎ ሰጠኝ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። እኔን ደስ ያለኝ ግን ቅጠሉ አይደለም፤ ቀና ብሎ ፊቴን እያየ መስጠቱ ነው።

እናንተስ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ያለጥፋቱ የሚቆነጠጥ ልጅ እንዳይኖር ለመምህራንም ሼር አድርጉላቸው።